አንጎል ሲታመም ነፍስ ምን ትሆናለች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አባቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ፊቴን እያየ «ማን ነሽ?» ይለኛል፤ ድምፄን ሲሰማ ግን ወዲያው ያውቀኛል። በፍልስፍና ትምህርት ደግሞ «ንቃተ ኅሊና የአንጎል ሥራ እንጂ ሌላ አይደለም» የሚል ሐሳብ ተማርን። የምታውቀው ነፍስ ከሆነች፣ የደም ሥር ስለተዘጋ ሰው እንዴት ልጁን ማወቅ ያቅተዋል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ። ሰው ነፍስና ሥጋ መሆኑን ታውቂያለሽና እዚያ ላይ አልቆይም። ብዙ ምእመናን የሚሳሳቱት ከዚያ ቀጥሎ ነው። ነፍስ ለብቻዋ ታያለች፣ ለብቻዋ ታስባለች፣ ሥጋ ማደሪያዋ ብቻ ነው ይላሉ። ይህ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ለፈላስፋው ለዴካርት ይቀርባል። እርሱ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነፍስንና ሥጋን ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ነገሮች አደረጋቸውና፣ የት እንደሚገናኙ ማስረዳት ሲኖርበት በአንጎል መካከል ያለችን አንዲት ትንሽ ዕጢ ጠቆመ። እኛ ግን ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው አንድ ሰው ሆኑ እንላለን። ቅዱስ ቄርሎስ የቃልንና የሥጋን ተዋሕዶ ያስረዳው በዚሁ ምሳሌ ነው። በክርስቶስ ኅድረትን፣ ማለትም «ቃል በሥጋ አደረ እንጂ አልተዋሐደም» የሚለውን ትምህርት፣ የምትቃወሚ ልጅ፣ በአባትሽም ኅድረትን አትቀበዪ።

እንግዲህ ተዋሕዶ ከሆነ፣ ነፍስ የምታየው በዓይን፣ የምትለየውም በአንጎል ነው። ፊትን መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዓይን ያየው ወደ አንጎል የኋላ ክፍል ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ታችኛው ክፍል ሲሻገር «ይህ የልጄ ፊት ነው» ተብሎ ይታወቃል። ስትሮክ ያን ስፍራ፣ በተለይ የቀኙን፣ ሲጎዳው ሰው አፍንጫውንም ዓይኑንም አጥርቶ እያየ የማን ፊት እንደሆነ ይጠፋዋል። ድምፅ የሚገባው በሌላ በኩል ስለሆነ ማንነትሽን ያስታውሳቸዋል። የነገርሽኝ ምልክት ይህን ይመስላል፤ ሐኪም ያረጋግጠው። አባትሽ አልረሱሽም ማለት ነው።

ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህንኑ መርምሮታል፦ መሣሪያው የተሰበረበት ወይም የዛገበት ሙዚቀኛ መጫወት ቢያቅተው ሙያው ጠፋ አይባልም። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆርም አእምሮው በተወሰደበት ዘመን ሌላ ሰው አልሆነም፤ «አእምሮዬም ተመለሰልኝ» (ዳን. 4፥34) ያለው ያው ራሱ ነው።

ለተማርሽው ሐሳብ መልሱ አጭር ነው። አንጎል ሲጎዳ ንቃት መጎዳቱ አንጎል የግድ እንደሚያስፈልግ ያሳያል፤ ብቻውን በቂ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ በ1995 እ.ኤ.አ. «ከባዱ ችግር» ያለው ይህን የሚነካ ነው፦ አንጎል ቀይን ከአረንጓዴ እንዴት እንደሚለይ ቢታወቅ እንኳ፣ ቀይን ማየት ለሚያየው ሰው ለምን እንዲያ ሆኖ እንደሚሰማው ገና አልተፈታም። አንዳንድ ወንድሞች ግን ይህን ሲሰሙ «ነፍስ በሳይንስ ተረጋገጠች!» ይላሉ። አልተረጋገጠችም፤ ቻልመርስም እንዲያ አላለም። እምነትሽን ሳይንስ ባልደረሰበት ክፍተት ላይ አትመሥርቺ፤ ነገ ክፍተቱ ቢሞላ ምን ልትዪ ነው? ለባዊት (የምታስብ)፣ ነባቢት (የምትናገር)፣ ሕያዊት (ሕያው) የሆነች ነፍስ በፈጣሪ እስትንፋስ እንደተሰጠች (ዘፍ. 2፥7) የምናምነው እርሱ ስለገለጠልን ነው።

አባትሽ ዘንድ ስትገቢ ከበሩ ጀምረሽ ተናገሪ፣ ስምሽንም አስቀድሚ። «እስቲ ማን ነኝ?» እያልሽ አትፈትኛቸው፤ ያሳፍራቸዋል። የለመዱትን ጸሎት አጠገባቸው ሆነሽ ቀስ ብለሽ በድምፅ አድርሺ። «መድኃኒት መውሰድ የእምነት ማነስ ነው» የሚል ቢመጣ አትስሚው። ሊቆርቡ ሲሉ መዋጥ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ደግሞ ለንስሐ አባታቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው።