በታራሚዎች መብት ላይ ኢንተርን መሆን፦ ጠየቃችሁ፣ ልመልስ

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለታራሚዎች መብት በሚሟገቱ ድርጅቶች ስለሚሠሩት ኢንተርንሺፕ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ለዓመታት ተለማማጆችን ተቀብዬ ሳሠራ ስለቆየሁ የማውቀውን ልበላችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ የማጠናው ሕግ አይደለም፤ ሶሲዮሎጂ ነው። ይቀበሉኛል?

አዎ። የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ያለ የሕግ ተማሪም ቢሆን ገና ጠበቃ አይደለም፤ ሁላችሁም የምትነሱት ከአንድ መስመር ነው። ሶሻል ወርክ፣ ጤና፣ ስታትስቲክስ ሁሉም ይፈለጋል። ሁለተኛ ቋንቋ አንብቦ መጻፍ የሚችል ከመጣማ እንሻማበታለን።

ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የሚሠራው? ፍርድ ቤት እንቆማለን?

ደብዳቤ ታነባለህ። ቀልዴን አይደለም።

እስር ቤት ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት የለውም፤ ስልኩም ይደመጣል። ስለዚህ ይጽፋል። ወረቀቱ በሁለቱም ገጽ እስከ ጠርዙ ተሞልቶ ይመጣል። ቦታ ሲያልቅበት ዳር ዳሩን እየዞረ ይጽፋል። ሦስት ገጽ ስለ እናቱ ያወራህና አራተኛው ላይ በአንዲት መስመር «የስኳር መድኃኒቴ ከተቋረጠ ሁለት ሳምንት አለፈው» ይልሃል። ሥራህ ያቺን መስመር ሳትዘላት ማግኘት ነው። ከዚያ ትጠይቃለህ፦ በየትኛው ቀን ተቋረጠ? ለማን አመለከትክ? በቃል ነው በጽሑፍ? ቅጂ አስቀርተሃል? መልሱን ፋይሉ ውስጥ አስገብተህ ለጠበቃ ትሰጣለህ።

ቀን ቀን የምለው በምክንያት ነው። ለምሳሌ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣችው ሕግ አለ። አንድ እስረኛ ስለ አያያዙ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከመክሰሱ በፊት የእስር ቤቱን የውስጥ አቤቱታ ደረጃዎች ጨርሶ መውጣት አለበት። የውስጥ አቤቱታው ቀነ ገደብ ደግሞ በብዙ ቦታ በቀናት የሚቆጠር ነው። ደብዳቤው ጠረጴዛህ ላይ ሳምንት ካደረ ጉዳዩ እዚያው ሊሞት ይችላል።

ደብዳቤ ማንበብ ተራ ሥራ ከመሰለህ ክላረንስ ጊዲዮንን አስብ። ፍሎሪዳ ታስሮ ሳለ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1963 በከባድ ወንጀል ተከሶ ጠበቃ ማቆም ያቃተው ሰው በመንግሥት ጠበቃ እንዲቆምለት ወሰነ። ጊዲዮንም ጠበቃ ይዞ በድጋሚ ሲዳኝ በነፃ ተለቀቀ። የሚመጣልህ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ነው እያልኩህ አይደለም። አብዛኛው ስለ መነጽር፣ ስለ ጥርስና ስለ ጠፋ ዕቃ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ምን ላንብብ?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 አሻሽሎ ያጸደቃቸውን የታራሚዎች አያያዝ ደንቦች፤ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ይባላሉ። 122 ናቸው፤ አትሸበሪ። ከ24 ጀምሪ፦ ታራሚ የሚያገኘው ሕክምና ውጭ ያለው ሰው ከሚያገኘው ማነስ የለበትም ይላል። ቀጥለሽ 43ን እና 44ን አንብቢ። ሰውን ትርጉም ያለው የሰው ግንኙነት በሌለበት በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለብቻው መዝጋት ከ15 ተከታታይ ቀናት ካለፈ የተከለከለ ነው። ስለ ሴቶች የባንኮክ ደንቦች የሚባሉት አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቁ ናቸው።

ቤተሰቤ የወንጀል ተጎጂ ነው። ለእነዚህ ሰዎች መሟገት ተጎጂውን መክዳት አይሆንም?

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማለሁ፤ የማይጠይቀው ተለማማጅ ነው የሚያሳስበኝ። የማንዴላ ደንቦች 3ኛው ነፃነትን መነጠቅ በራሱ ስቃይ ነው፤ እስር ቤቱ በላዩ ሌላ ስቃይ አይጨምር ይላል። ዳኛው የፈረደው አምስት ዓመት ነው። አምስት ዓመትና የተበላሸ ኩላሊት ብሎ አልፈረደም። የምንሟገተው ለዚያ ለኩላሊቱ ነው። ይህም ሆኖ ከከበደሽ ይክበድሽ፤ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪና የማትችዪውን ፋይል ሌላ ሰው ይያዘው። እኔም አንድ ሁለት ጊዜ አሳልፌ ሰጥቻለሁ።

ወንድሜ ታስሯል። ማመልከቻዬ ላይ ልጥቀሰው?

ግዴታ የለብህም። ከጠቀስከው ግን አይጎዳህም፤ የጉብኝት ቀን ሰልፍ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። የወንድምህን ፋይል አትንካ። እስር ቤት ለመግባት ስትመዘገብም የታሰረ ዘመድ አለህ ወይ ከተባልክ እውነቱን ጻፍ። ሲደብቁ የተያዙ አይቻለሁ፣ መግቢያቸው ተሰርዟል።

ክፍያ አለው?

ብዙው የለውም። ክፍያ ከሌለ ለትምህርትህ ክሬዲት እንዲያዝልህ ጠይቅ፣ ሰዓቱንም በግማሽ ቀን ተደራደር። ያለ ክፍያ ሙሉ ቀን ማሠራት የደሃ ልጅን ከበር መመለስ ነው። ለባልደረቦቼም የምላቸው ይህንኑ ነው።

ውስጥ ስንገባ ምን እንልበስ?

ታራሚዎቹ ከሚለብሱት ቀለም ጋር የሚመሳሰል አትልበሱ። ብረት ያለው ጡት መያዣ መፈተሻውን ያስጮኸዋል፤ በዚህ ብቻ ከደጅ የተመለሱ አሉ። ስልክ ውጭ ይቀራል። ማንም ምንም ቢሰጣችሁ፣ ብጣሽ ወረቀትም ብትሆን፣ ይዛችሁ አትውጡ።

ልንረዳው የማንችለውን ሰው ምን ብለን እንጻፍለት?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። በጀማሪነቴ ለአንድ ሰው «በቅርቡ እናሳውቅዎታለን» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ረሳሁት። እሱ በ41ኛው ቀን «ቅርቡ ስንት ቀን ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ቀኖቹን አንድ በአንድ ቆጥሯል። እንደማንችል ቀድመን እናውቅ ነበር፤ እምቢ ማለት አፍሬ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ጉዳዩን መያዝ እንደማትችሉ ጻፉ። ሁለተኛው ላይ ምክንያቱን። ቀጥሎ ሊያመለክትበት የሚችል ሌላ ቦታ ካለ ከነአድራሻው፤ ከሌለ አትፍጠሩ። «ይህን ብታደርግ ታሸንፋለህ» የሚል የሕግ ምክር ከእናንተ አይውጣ፤ ያ የጠበቃው ሥራ ነው። የላከውን ዋና ሰነድ መልሱለት፣ ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል። ፖስታው ላይ የእስረኛ ቁጥሩን አትርሱ፤ ያለ እሱ ደብዳቤው ሳይደርሰው ይመለሳል።