እማዬ የት ትሂድ?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነኝ። እማዬ ስኳር አለባት፣ ሐኪሙ በእግርሽ ሂጂ ብሏታል ግን የት ትሂድ? የእግረኛው መንገድ ላይ ሱቆች ዕቃ ደርድረውበታል፣ ባጃጅ ቆሞበታል፣ እሷ ወርዳ በአስፋልቱ ነው የምትሄደው። ሰሞኑን የቀበሌ ስብሰባ አለን፣ ምን ብለን እንጠይቅ?

መልስ፦ አቦ እህቴ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል፣ ስለዚህ ለእማዬ ጂም ሳይሆን መንገድ ነው የጎደላት። ድሬ ላይ ደሞ እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት ጥላ ነው የምጠይቀው። ከዚራን እዩት፣ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰ በኋላ በፕላን የተሠራ ሰፈር ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዳርና ዳሩ ዛፍ፣ በዚያ ሙቀት እንኳን በእግር መሄድ ያስኬዳል። ዛፉ ግን በእግረኛው በኩል ይተከል በሉ፣ አስፋልቱ መሀል የሚተከለው ለፎቶ ነው እንጂ ለማን ጥላ ይሆናል? ከዛ የቦዩ ክዳን፣ ዊልቸር የሚያሳልፍ ስፋት፣ ማቋረጫው ላይ ደሞ የፍጥነት መቀነሻ። ሱቆቹን "አስነሱልን" ብላችሁ አትጀምሩ፣ ጠብ ነው የሚሆነው፣ መስመር ተቀብቶ ዕቃው ከዛ እንዳያልፍ፣ ለባጃጆቹም የራሳቸው መቆሚያ ይሰጣቸው በሉ። እስከዛው እማዬ ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት ትውጣ፣ ጫማዋ እግሯን የማይልጥ ይሁን፣ ኢንሱሊን ከሆነ የምትወስደው ደሞ ስኳሯ ድንገት ከወረደ እንድትበላው ከረሜላ ከኪሷ አይጥፋ።