«ኢንጂነሪንግ ልግባ ወይስ ሙዚቃ ቴክኖሎጂ ልማር?»

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሒሳብና ፊዚክስ ይሆኑልኛል። በመዘምራን ቡድናችን ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ በወንድሜ ላፕቶፕ ደግሞ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ላይ ቅንብር እሠራለሁ። ሙዚቃ ቴክኖሎጂና ዲጂታል ሚዲያ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንዳለ ሰምቼ ልቤ ወደዚያ ሄዷል። ቤተሰቦቼ ግን ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ግቢ ይሉኛል። የቱን ልምረጥ? ውጭ አገር ለማመልከትስ ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ ባንቺ ሁኔታ ሁለቱንም ማግኘት ይቻላል፤ ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪሽን እዚሁ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ወይም በኮምፒዩተር ሳይንስ ያዢ፤ ሙዚቃ ቴክኖሎጂን ለማስተርስ አቆዪው። ይህን የምንልሽ ቤተሰብሽን ደስ ለማሰኘት አይደለም። የምትመኚው ትምህርት ራሱ የሚፈልገው ያንን መሠረት ስለሆነ ነው።

ሙዚቃ ቴክኖሎጂ በሚለው ስም ሥር ሦስት የተለያዩ ትምህርቶች አሉ። አንዱ ቀረጻ፣ ሚክስ (የተቀረጹትን ድምፆች ማመጣጠን) እና ማስተሪንግ (የመጨረሻ ማስተካከያ) ነው። ሁለተኛው ድምፅ የሚያመነጩና የሚቀይሩ ሶፍትዌሮችንና መሣሪያዎችን መሥራት ነው። ሦስተኛው ለፊልም፣ ለጌምና ለመድረክ ድምፅን ከምስል ጋር ማገናኘት ሲሆን፣ «ዲጂታል ሚዲያ» የሚለው ተጨማሪ ስም ብዙውን ጊዜ ይህንን ይጠቁማል። በእንግሊዝ የሰሪ ዩኒቨርሲቲ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ቶንማይስተር የተባለ የድምፅ ቀረጻ ዲግሪ ለረጅም ጊዜ ከሙዚቃው ጎን ሒሳብና ፊዚክስ ሲጠይቅ ኖሯል። አሜሪካ ውስጥ ጆርጂያ ቴክ ሙዚቃ ቴክኖሎጂን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ፋኩልቲ ደግሞ አንቺ በጻፍሽው ስም የሚሰጥ የማስተርስ ፕሮግራም አለ። ስለዚህ ስሙን ትተሽ የኮርስ ዝርዝሩን አንብቢ። ሊኒየር አልጀብራ፣ ሲግናል ፕሮሰሲንግና ፕሮግራሚንግ ካሉበት የምሕንድስና ትምህርት ነው። ከሌሉበት በአብዛኛው የስቱዲዮ ሥልጠና ነው፤ እሱን ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ረዳት ሆኖ መልመድ ስለሚቻል፣ ባሕር ማዶ ያን ያህል ገንዘብ እንድትከፍይበት አንመክርም።

ኤሌክትሪካል ክፍል ውስጥ የሚያጋጥምሽ ትምህርት ከሙዚቃሽ የራቀ አይደለም። ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ ላይ የምትማሪው ኮንቮሉሽን፣ የአንድን አዳራሽ ማስተጋባት በደረቅ ቀረጻ ላይ የሚያሳርፈው ሪቨርብ የሚሠራበት ስሌት ነው። ዲጂታል ፊልተር የሚባለውም ኤፍ ኤል ላይ ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን ከፍና ዝቅ ለማድረግ በየቀኑ የምትነኪው ኢኪው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን፦ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ስለሆነና ወደ ዲፓርትመንት የሚገባው በአብዛኛው በውጤት ስለሆነ፣ የዚያ ዓመት ነጥብሽ እንዳይወርድ ተጠንቀቂ።

የማስተርስ ተቀባዮች ከውጤት ሌላ ሥራሽን ማየት ይፈልጋሉ። ብዙ አመልካች አሥር የሠራውን ቅንብር ሰብስቦ ይልካል፤ ይህ ጣዕምን ያሳይ ይሆናል እንጂ ችግር ፈቺነትን አያሳይም። እስከ መጨረሻው የተሠራና አሠራሩ በጽሑፍ የተብራራ አንድ ነገር ይበልጣል። አንቺ ያለሽው ወሎ ነው፤ አምባሰልና ባቲ የቅኝት ብቻ ሳይሆን የአካባቢሽም ስሞች ናቸው። ክራርን በሳምፕል፣ ማለትም ድምፁን አንድ በአንድ ቀርጾ፣ ወደ ኪቦርድ ማምጣት ለአንቺ የተዘጋጀ ሥራ ነው እንላለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለ 6 አውታር ክራርና ጥሩ ተጫዋች ፈልጊ። እያንዳንዱን አውታር በለስላሳ፣ በመካከለኛና በጠንካራ አመታት፣ በእያንዳንዱም 4 ጊዜ ቅረጪ፤ በጠቅላላው 72 ድምፅ ይሆናል። አራት ጊዜ መደጋገሙ ያስፈለገው አንድ ቀረጻ ብቻ እየተመላለሰ ሲሰማ ጆሮ ማሽን መሆኑን ወዲያው ስለሚያውቅ ነው። 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ሞኖ በቂ ነው፤ እያንዳንዱ 4 ሴኮንድ ቢሆን ሁሉም ተደምሮ ወደ 41 ሜጋባይት ተኩል ነው፤ ላፕቶፕሽን አያስጨንቀውም። ማይኩን ከክራሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቂና ጠንካራው አመታት ከ−10 ዴሲቤል እንዳያልፍ ደረጃውን አስተካክዪ። በ24 ቢት ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ድምፅ በኋላ ከፍ ሊል ይችላል፤ 0 ላይ ደርሶ የተቆረጠ ግን አይመለስም።

የሚበላሸው የት ነው? መጀመሪያ ክፍሉ። ፍሪጁን አጥፊ፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀዪ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ቅረጪ። ሁለተኛ፣ ሁለት ማይክ ተጠቅመሽ አንዱ ከሌላው በ34 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ድምፁ ወደ እሱ 1 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሁለቱን ስትደምሪ 500 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ይሰረዝና ክራሩ ባዶ ይሆናል። በአንድ ማይክ ጀምሪ። ሦስተኛ፣ አውታሩ ሲመታ ይላላል፤ በየጥቂት አመታቱ መቃኛ ላይ አረጋግጪ። አራተኛ፣ ስትቆርጪ ከድምፁ በፊት 20 ሚሊሴኮንድ ዝምታ ከቀረ ኪቦርዱ ዘግይቶ የሚመልስ ይመስላል፤ መጨረሻውን ቶሎ ከቆረጥሽው ደግሞ ንዝረቱ ሳያልቅ ይገደላል።

ከዚያ የሥራው ልብ የሆነው ክፍል ይመጣል። ተጫዋቹን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ላይ በጆሮው እንዲቃኝ አድርጊ፤ መቃኛ አታሳዪው። የእያንዳንዱን አውታር ከፍታ ሶኒክ ቪዥዋላይዘር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለኪና በእኩል ግማሽ ድምፆች ከተከፈለው ከፒያኖው ቅኝት በስንት ሴንት እንደሚርቅ መዝግቢ፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ኦቶቱን የተባለው የድምፅ ከፍታ አራሚ ሶፍትዌር በክሮማቲክ (በፒያኖው 12 ድምፆች) ተከፍቶ በማሲንቆ ወይም በድምፃዊ ላይ ሲጫን ዘፈኑ ለምን ለዛውን እንደሚያጣ ያን ጊዜ በቁጥር ታያለሽ፦ ተጫዋቹ አውቆ ከፍ ወይም ዝቅ ያደረገውን ድምፅ ሶፍትዌሩ ስሕተት ነው ብሎ ወደ ፒያኖው ይጎትተዋል። ሳምፕሎችሽን በተለካው ቅኝት የሚያጫውት መሣሪያ ከሠራሽና ሁለት ገጽ ማብራሪያ ከጻፍሽለት፣ የትኛውም መምህር ቁም ነገር ብሎ የሚያነበው ማመልከቻ ይኖርሻል።

ለዕቃ ብዙ አታውጪ። ሁለት መግቢያ ያለው፣ ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚያገኝ ሳውንድ ካርድ ግዢ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ትቀጥያለሽ። 48 ቮልት የሚፈልግ አንድ ኮንደንሰር ማይክና ጆሮን የሚሸፍን ሄድፎን ጨምሪበት። ሞኒተር ስፒከር አትግዢ፤ ባልተስተካከለ ክፍል ውስጥ ያሳስትሻል። ስትቀርጪ በፈሩን (ኮምፒዩተሩ ድምፁን ከማስኬዱ በፊት የሚያጠራቅምበትን መጠን) 128 ላይ አድርጊው፤ መዘግየቱ በ48 ኪሎኸርዝ 3 ሚሊሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ሚክስ ስትሠሪ ወደ 1024 ከፍ አድርጊው፤ ኮምፒዩተሩ ይተነፍሳል። ለፕሮግራሚንጉ ፒውር ዳታ የተባለው የድምፅ ፕሮግራሚንግ ሶፍትዌር ነፃ ነው። የባርሴሎናው ፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲና ስታንፎርድ በኮርሴራ ያዘጋጁት የሙዚቃ ሲግናል ፕሮሰሲንግ ኮርስም በፓይተን ያስተምራል፤ ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ብትገቢበት ሒሳቡ አይከብድሽም።

ለቤተሰቦችሽ ስለ ሥራው ንገሪያቸው። ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ከተዋንያኑ ጀርባ የድምፅ ባለሙያዎች አሉ። ማስታወቂያ፣ ፊልም፣ የቤተ እምነትና የአዳራሽ ድምፅ ሥርዓትም ሰው ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ ቢዘገይ እንኳ የኢንጂነሪንግ ዲግሪው በእጅሽ ነው።

ምክራችን የማይሠራው በአንድ ሁኔታ ነው፦ ዋና ፍላጎትሽ መጫወትና ዜማ መድረስ ከሆነ። ያን ጊዜ መንገድሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፤ መግቢያው የተግባር ፈተና ስላለው ከአሁኑ በአንድ መሣሪያ ላይ ኖታ እያነበብሽ ተዘጋጂ።

ለማስተርስ የምታመለክቺው የመጨረሻው ዓመት ሲጀምር ነው፤ ብዙ የሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኅዳርና በጥር መካከል ይዘጋሉ። የእንግሊዝኛ ፈተናውን ከዚያ በፊት ጨርሺ። ክፍያውን በተመለከተ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ጽፈሽ የማስተማር ወይም የምርምር ረዳትነት ለማስተርስ ተማሪ ይሰጣሉ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ የማይሰጡትን ከዝርዝርሽ አውጪ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽንም ከወዲሁ አስቢበት፦ ከቀረጻ ላይ ቅኝትን የሚለይ ፕሮግራም ብትሠሪ የሲግናል ፕሮሰሲንግ መምህርሽ አማካሪሽ ይሆናል፤ ስለ ሥራሽ በዝርዝር የሚመሰክር የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽም እሱ ነው።