ድንኳኑ አፈሰሰ ወይስ አላበው?

አንድ አንባቢ በሐምሌ ወር ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አድረው ማለዳ ሲነሡ፣ የናይለን ድንኳናቸው ጣሪያ በውስጥ በኩል ርሶ፣ ብርድ ልብሱም ከዳር ከዳር ረጥቦ እንዳገኙት ገልጸው፣ አዲስ ድንኳን መግዛት ይኖርባቸው እንደሆነ ጠይቀዋል።

ከመግዛትዎ በፊት ውኃው ከየት እንደመጣ ይለዩ። ፀሐይ በወጣበት ቀን ድንኳኑን ግቢዎ ውስጥ ተክለው፣ ማንም ሳይገባበት በጣሪያውና በስፌቱ ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ውኃ ያፍስሱበት። ውስጡ ደረቅ ከሆነ ያራሳችሁ የገዛ ትንፋሻችሁ ነው። ዝናብ ተፈርቶ ዚፑና መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ሲዘጋ፣ ከሐይቁ በሚነሣው እርጥበት ላይ የአራት ሰው ትንፋሽ ተጨምሮ፣ ሌሊት የቀዘቀዘው ናይለን ልክ እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል። ስለዚህ ዝናቡ በማይመታበት ወገን ከላይም ከታችም ክፍተት ይተዉ፤ የድንኳኑ የላይኛው ልብስ የውስጠኛውን እንዳይነካም አውታሮቹን ይወጥሩ። የናይለን ገመድ ሲርስ ስለሚላላ ከመተኛትዎ በፊት ደግመው ይሳቡት፤ የጥጥ ወይም የቃጫ ገመድ ግን ሲርስ ስለሚያጥር፣ ካስማውን እንዳይነቅል አስቀድመው ጥቂት ያላሉት።

የብርድ ልብሱ ዳር መርጠቡ ሌላ ነገር ያስጠረጥረኛል። ከሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ከወለሉ አንድ ስንዝር እንኳ ወጥቶ ከታየ፣ ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ ተቀብሎ ወደ ሥር ያስገባል። «ያፈስሳል» ተብለው ለጥገና ከሚመጡልኝ ድንኳኖች ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው፤ ላስቲኩን ወደ ውስጥ ማጠፍ ደግሞ የእኔን ክፍያ አይጠይቅም።

በሙከራው ጊዜ ስፌቱ ካንጠባጠበ ግን መርፌ የበሳው ቀዳዳ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ሰው ሠራሽ ክር እንደ ጥጥ ክር አብጦ ቀዳዳውን አይደፍንም። ስፌቱን አጽድተውና አድርቀው ለድንኳኑ ጨርቅ የሚስማማ የስፌት ማሸጊያ በቀጭን ብሩሽ ይቀቡት፤ በደንብ ሳይደርቅም አያጥፉት።

የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው ክረምት ሲበረታ ውኃው ወደ ዳር ይገፋልና፣ በበጋ የሚያውቁትን ቦታ አይመኑ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ የሚወጣበትንም መንገድ ይሽሹ፤ ጉማሬ የረገጠውን ድንኳን እኔም አልጠግነውም።

ቤት ሲደርሱ ድንኳኑን ርጥብ እንደሆነ በከረጢቱ አያሳድሩት፤ ከሻገተ ሽታው በእጥበትም ቶሎ አይለቅም።