«ሰ» ስንት ጊዜ አለ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እየተማርኩ ነው። አንድ ፊደል በጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳለ የሚቆጥር ፕሮግራም በአማርኛ ሞከርኩ። «ሰኞ ሥራ ስንጀምር ሶስት ሰው መጣ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰጠሁትና «ሰ»ን ቁጠር አልኩት። 2 አለኝ። እኔ በጣቴ ስቆጥር 5 ሆነብኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ኧረ 6 ነው» አለች። ማናችን ነን ልክ? የሚቆጠረውንስ ነገር ምን ልበለው፦ ፊደል፣ ሆሄ ወይስ ቁምፊ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሦስቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው። የተቆጠረው ነገር ግን አንድ አይደለም።

ከእርስዎ ልጀምር። አማርኛ «ፊደል ቆጠረ» ሲል ማንበብ ተማረ ማለቱ ነው። የቄስ ተማሪ ገበታውን በስንደዶ እየነካ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ ረድፉን ይዘልቃል። ያ ልጅ ሰን፣ ሱን፣ ሲን የሚያውቃቸው በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ነው። ስለዚህ «ሰ» ስንል ብዙዎቻችን ከነቤተሰቡ ማለታችን ነው። እርስዎም በጣትዎ የቆጠሩት እንደዚያ ነው፦ የሰኞን ሰ፣ የስንጀምርን ስ፣ የሶስትን ሶ እና ስ፣ የሰውን ሰ። 5 ሞላ።

ኮምፒውተሩ ይህን ዝምድና በራሱ አያውቅም። ለእሱ እያንዳንዱ ቅርጽ ለብቻው የቆመ ቁጥር ነው። ሰ 4656 ነው፤ ስ 4661፤ ሶ 4662። «ካውንት» የሚባለው ትእዛዝ 4656ን ፈልግ ሲባል ሰኞ ላይና ሰው ላይ ያገኘዋል፤ ሌላ ቦታ የለም። 2 ያለው ለዚህ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ዝምድናው በቁጥሮቹ ውስጥ መቀመጡ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ቁምፊ ቁጥር በሚሰጡበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሥሪት 3.0 ነው። ሲገባም የገበታውን ረድፍ ጠብቆ ስምንት ስምንት እየሆነ ተደረደረ። ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለ8 ያካፍሉና ቀሪውን ይጣሉት። ሰ 582 ይሰጥዎታል። «ስ»ም 582፣ «ሶ»ም 582፣ «ሷ»ም 582። ቁጥሩን ፓይተን ላይ «ኦርድ» ያወጣልዎታል። 582 የሚሰጡትን ሁሉ ቢቆጥሩ የጣትዎ 5 ይመጣል።

አንድ ቦታ ግን ይጠንቀቁ። «ቋንቋ» የሚለውን ቃል ይውሰዱ። ቀ ለ8 ሲካፈል 584 ነው፤ ቋ ግን 585። ቈ፣ ቊ፣ ቋ የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ነው። ኰ፣ ጐ እና ኈም እንደዚያው ናቸው። ሏ፣ ሟ፣ ሷ ደግሞ ከቤተሰባቸው ጋር በስምንተኛው ቦታ ተቀምጠዋል። የ«ቀ»ን ቤተሰብ ሙሉውን ከፈለጉ ሁለቱን ረድፎች መደመር አለብዎት።

አሁን ወደ ጓደኛዎ። እሷ የቆጠረችው በጆሮዋ ነው። «ሥራ» ላይ ያለው ንጉሡ ሠ፣ «ሰኞ» ላይ ያለው እሳቱ ሰ፣ በዛሬ አማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ስለዚህ 6። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እርስዎ «ሶስት» ብለው በእሳቱ ሰ ጻፉ። እኔ ከላይ የጻፍኩት በንጉሡ ነው፤ በግዕዙ ሥሩ ሠ ስለሆነ። ዐረፍተ ነገርዎን «ሦስት» ብለው ቢያስተካክሉት የረድፍ ቆጠራው ከ5 ወደ 4 ይወርዳል። የጓደኛዎ 6 ግን አይነቃነቅም። የአጻጻፍ ልማዳችን አለመጽናቱ ፕሮግራም ላይ እንዲህ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ፤ ሁሉም ላይ ያው ነው።

ስለ ስሙ። ማሽኑ የሚቆጥረውን «ቁምፊ» ይበሉት። ቃሉ በስልክና በኮምፒውተር የአማርኛ ገጾች ላይ ተለምዷል፣ ጥቅምም አለው። ክፍት ቦታ፣ አሃዝ፣ ነጠላ ሰረዝ ሁሉ ቁምፊ ናቸው፤ ፊደል ግን አይደሉም። «ሆሄ»ን እኔ ለአንዱ ቅርጽ፣ ለ«ሱ» ወይም ለ«ሲ» እመርጠዋለሁ። «ፊደል» ሰፊ ነው፤ አንዱንም ቅርጽ፣ ገበታውንም በሙሉ ይጠራበታል። ስለዚህ ሥራዎን «አንድ ቁምፊ በስትሪንግ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳለ የሚቆጥር» ቢሉት ማንም አይደናገርም። ስትሪንግ ማለት ፕሮግራሙ የሚያነበው የቁምፊዎች ሰንሰለት ነው። «ስንቴ» ለወሬ ጥሩ ነው፤ ለመግለጫ «ስንት ጊዜ» ይሻላል። «ስትሪንግ»ም ይቆይ፤ ተማሪው የሚያውቀው እሱን ነው።

ነጥብ ላይም ያው ጉዳይ አለ። አራት ነጥብ (።) አንድ ቁምፊ ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ (፡፡) ይጽፈዋል። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ለማሽኑ ሁለት ቁምፊ ነው። ዐረፍተ ነገር ልቁጠር ብለው ። ብቻ ቢፈልጉ የዚያ ሰው ጽሑፍ በሙሉ ዜሮ ይወጣል። ከመቁጠርዎ በፊት ፡፡ን በ። ይተኩ።

ሞክሼዎቹንም፣ እንደ ሰ እና ሠ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች፣ እንደዚያ ልተካ ይሉ ይሆናል። ለፍለጋና ለቆጠራ ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን በቅጂው ላይ ብቻ ያድርጉት፤ ዋናውን ጽሑፍ አይንኩ። «ሠረቀ» ወጣ፣ ፀሐይ እንደምትወጣው ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት ነው። ሁሉን በአንድ ሀ የሚተካ ፕሮግራም የመንፈሳዊ መጽሐፍ ጽሑፍ ሰጥተውት ድህነት ስንት ጊዜ አለ ቢሉት፣ መዳኑንም ማጣቱንም ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጥዎታል።