ፓምፑ ሲነሳ ቤቱ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ የመብራት መስመር በማይደርስበት ቦታ ቤት ሠርቻለሁ። የጉድጓዱ ፓምፕ 2.2 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት ስለሆነ ባለ 5 ኪሎዋት ሦስት ኢንቨርተሮችን (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ) በሦስት ፌዝ አሳሰርኩ። ባትሪው አንድ ባለ 48 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ነው። ፓምፑ ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ኢንቨርተሩን ላሳድግ?

መልስ፦ ኢንቨርተሩ ይበቃዎታል፤ ያነሰው ባትሪው ነው። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ፣ በእርስዎ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 አምፔር በላይ ሲሳብ ይዘጋል። ይህ 5 ኪሎዋት ገደማ ነው። ፓምፑ ሲሠራ በየፌዙ ከ5 እስከ 6 አምፔር ይስባል፤ ሲነሳ ግን እስከ ስድስት እጥፍ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ከባትሪው የሚጠየቀው 200 አምፔር ሊያልፍ ይችላል። ለማረጋገጥ፣ ሲጠፋ የባትሪውን የማስጠንቀቂያ መብራት ይዩ።

ፓምፑ ፊት ቪኤፍዲ ያስገቡ፤ ይህ የኤሌክትሪኩን ኸርዝ፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት፣ ከዝቅተኛ ጀምሮ እያሳደገ የመነሻውን አምፔር የሚያሳንስ መሣሪያ ነው። የሚመርጡት በኪሎዋት ሳይሆን በሞተሩ ታርጋ ላይ ባለው አምፔር ነው፤ የጉድጓድ ሞተር እኩል ጉልበት ካለውና ከጉድጓድ ውጭ ከሚሠራ ሞተር የበለጠ ይስባል። በ1 ሰከንድ ውስጥ 30 ኸርዝ እንዲደርስ ያስተካክሉት፣ ከ30 በታችም አያሠሩት። የሞተሩን የታች ኩሽኔት የሚሸከመው ስስ የውሃ ንጣፍ ነው፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ንጣፉ ይጠፋና ኩሽኔቱ ይበላል።

ቪኤፍዲው ቢገባም አንድ ባትሪ አይበቃም። ፓምፑ ከብክነቱ ጋር 3 ኪሎዋት ገደማ፣ የእንጀራ ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ቢስቡ ሁለቱ ብቻ ከ100 አምፔር ያልፋሉ። ተመሳሳይ ሁለት ባትሪዎች ይጨምሩ፤ ሦስቱንም ሙሉ ቻርጅ አድርገው ቮልታቸው ሲስተካከል በትይዩ (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ያገናኙ። ለእያንዳንዱ ኢንቨርተር ቢያንስ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል፣ እኩል ርዝመት፣ የራሱ ፊውዝ። የባትሪዎቹም ኬብል እኩል ርዝመት ይኑረው፤ አጭር ኬብል ያለው ባትሪ ብዙውን ጭነት ይወስዳል።

የፀሐይ ፓነሉን በክረምት በቀን 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይገኛል ብለው ያስሉት። ለቤቱ፣ ለምጣዱና ለፓምፑ በቀን 15 ኪሎዋት ሰዓት ብንይዝ፣ ብክነቱ ተጨምሮ 5 ኪሎዋት ይወጣል። ይህ ባለ 550 ዋት ከ9 ፓነል በላይ ስለሆነ፣ ለሦስት እኩል እንዲካፈል 12 ያድርጉት፣ ለየኢንቨርተሩ 4 በተከታታይ። አንዱን መስመር ለሁለት ኢንቨርተር አያካፍሉ።

ከሁሉም በላይ የምፈራልዎት ኒውትራሉን (የመመለሻ ገመዱን) ነው። የሦስቱ ኢንቨርተር ኒውትራል በአንድ ባር ላይ ይሰብሰብ፤ ፊውዝም ለብቻው የሚቆርጥ ብሬከርም አይግባበት። ባሩ ላይ አንድ ብሎን ላልቶ ወደ ቤቱ የሚሄደው ኒውትራል ቢለቅ፣ ምጣዱ በአንዱ ፌዝ፣ ቴሌቪዥኑ በሌላው ላይ ሆነው በ380 ቮልት መካከል ተከታታይ ይሆናሉ። ምጣዱ ምንም ሳይሰማው ቮልቱ ከሞላ ጎደል ቴሌቪዥኑ ላይ ይወርዳል፤ ቴሌቪዥኑ ይቃጠላል። ካሰሩ በኋላ እያንዳንዱን ገመድ በእጅዎ ጎተት እያደረጉ ይሞክሩ፤ ይህን ኃይሉ ጠፍቶ ብቻ። ከዚያ ከፌዝ ወደ ኒውትራል 220፣ ከፌዝ ወደ ፌዝ 380 አካባቢ መሆኑን ሳይለኩ ምንም ዕቃ አይሰኩ። ከፌዝ ወደ ፌዝ ዜሮ ካሳየ ሁለቱ ኢንቨርተሮች በስህተት ለአንድ ፌዝ ተስተካክለዋል።

ምጣዱን ለብቻው በአንድ ፌዝ፣ ፍሪጁንና መብራቱን በቀሩት ሁለቱ ያድርጉ። አንዱ ፌዝ ከ5 ኪሎዋት ካለፈ ሦስቱም አብረው ይቆማሉ።

ፓምፑ እየዞረ ውሃው ከደከመ የሚዞረው ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል። ኃይሉን አጥፍተው የቪኤፍዲው ማሳያ እስኪጨልም ይጠብቁ፣ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃም ይጨምሩ፤ ከዚያ ወደ ፓምፑ ከሚወጡት ሦስት ገመዶች ሁለቱን ያቀያይሩ።