አውራ የሚሆነው የተረፈው ጠቦት ነው

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከመንዝ ማማ ነው። በአባቴ ጊዜ በጎቻችን ከአሁኖቹ ይገዝፉ ነበር። አሁን ጠቦቱ ለገበያ እስኪደርስ ዓመት ያልፈዋል። ግጦሹ መጥበቡን አውቃለሁ። ግን ድርቆሽና አተላ እየጨመርኩም ለውጥ የለም። ዘሩ ተበላሸ ይሆን? ጎረቤቴ የውጭ ደም ያለበት አውራ ግዛ እያለ ይወተውተኛል።

መልስ፦ እኔም አንድ ልጠይቅዎ። ባለፈው ፋሲካ የትኛውን ጠቦት ሸጡ?

መገመት አያቅተኝም። ቶሎ ያደገውን፣ ላቱ የሞላውን፣ ቀንዱ ያማረውን። ገዢው ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እርስዎም ማዳበሪያ አለብዎት፣ የልጅ ደብተር አለብዎት። ቤት የቀረውስ? ያ ከሲታው፣ ጸጉሩ የቆመው፣ «ይሄ እስከ እንቁጣጣሽ ይቆይ» የተባለው። እሱ ከቄቦቹ ጋር ሲግጥ ይከርማል። አውራ ብሎ የሾመው የለም። የሚቀጥለው ዓመት ግልገሎች አባት ግን እሱ ነው።

እና ዘሩ አልተበላሸም። ተመርጧል፤ ምርጫው ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ከአባትዎ ጊዜ ጀምሮ ጥሩ ጥሩው ወደ ከተማ ወርዷል፤ የተረፈው ወልዷል።

ሳይንሱ ይህን ዝግመተ ለውጥ ይለዋል። ቃሉ ሲነሳ ለብዙ ሰው የሚመጣበት የጓሳው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ ክርክሩም እዚያው ይቀራል። እኔ ግን ቶሎ የሚታየኝ የበግ ገበያ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ግልገሎች ሁሉ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው ከፊሉ ከእናትና ከአባት የመጣ ነው። ሁሉም እኩል አይወልዱም። እነዚህ ሦስቱ ከተገጣጠሙ መንጋው ትውልድ በትውልድ መለወጡ አይቀርም።

ቻርልስ ዳርዊን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1859 ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ የሚጀምረው በዱር አውሬ አይደለም፤ በቤት እንስሳና በሰብል ነው። ሰውዬው ራሱ ርግብ ያረባ ነበር። እዚያ ላይ የጠቀሰው አንድ ታሪክ ለእኛ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል። ባክዌል የተባለው እንግሊዛዊ በግ አርቢ ካራባው ዘር ሁለት ሰዎች ወስደው፣ ሌላ ደም ሳይቀላቅሉ፣ ከ50 ዓመት በላይ ለየብቻ አረቡ። በመጨረሻ በጎቻቸው የተለያየ ዝርያ እስኪመስሉ ድረስ ተራራቁ። ዘሩን ልለውጥ ብሎ የተነሳ ሰው ግን አልነበረም። ዳርዊን ሳያስቡ መምረጥ ብሎታል። የእኛም ያው ነው፤ ብቻ ወደ ታች።

አተላው ለምን ለውጥ አላመጣም ላሉት፦ መኖ ያንኑ በግ ያሰባል፤ ለግልገሉ የሚያወርሰውን ግን አይለውጥም። እንስሳ በዕድሜው ያገኘው ለውጥ ወደ ልጁ ይሻገራል የሚለውን ሐሳብ ከዳርዊን በፊት ፈረንሳዊው ላማርክ በ1809 ጽፎት ነበር። የእኛ አገር ሰው መልሱን በረት ውስጥ ያገኘዋል። ለጥቃት፣ ማለትም አውራው እንዲወጣቸው፣ እንዲመቹ ተብሎ የሴቶቹ ላት ይቆረጥ የለ? አያቷም ተቆርጣለች፣ እናቷም ተቆርጣለች፤ ግልገሏ ግን ላቷን ይዛ ትወለዳለች። ጀርመናዊው ቫይስማን ይህንኑ ለመፈተን የአይጦች ጭራ ትውልድ በትውልድ ሲቆርጥ ኖሯል። ጭራ የሌለው አንድም አልተወለደለትም።

የጎረቤትዎን ምክር በተመለከተ፣ ቸኩለው አይግዙ። የመንዝ በግ ትንሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብርዱና የሳሳው ሣር ለብዙ ዘመን ሲያበጥሩት ኖረዋል፤ ያልቻለው ሳይወልድ ቀርቷል። ጸጉሩም ባና የሚሠራበት በከንቱ አልበቀለም። ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው አዋሲ የሚባለው የበግ ዘር ድቅሉ ቶሎ ያድጋል፤ አልክድም። ግን ይበላል። መኖ በበቂ ካለዎት ይሞክሩት። ከሌለዎት እኔ አልመክርም።

ከዚያ ይልቅ ማንጠልጠያ ሚዛን ይግዙ፤ ወይ ከጎረቤት ጋር ተጋሩት። ግልገሎቹን በሦስት ወርና በስድስት ወር ይመዝኑ፤ ደብተር ላይም ይጻፉ። በዓይን ግምት አይመኑ፤ እኔንም ብዙ ጊዜ አታሎኛል። የክረምቱን ግልገል ከክረምቱ፣ የበጋውን ከበጋው ያወዳድሩ። መንታ ሆኖ ቢያንስ አይፍረዱበት፤ ወተቱን ተካፍሎ ነው። ከዚያ የበለጠውን ለአውራነት ያስቀሩ። ሌሎቹ ማጥቃት ሳይጀምሩ ይሸጡ ወይ ይኮላሹ። አውራው ሴት ልጆቹ ለጥቃት ሳይደርሱ ከሌላ ሰው አውራ ጋር ይለዋወጥ።

ችግሩ ግጦሹ የጋራ ነው። የእርስዎ አውራ ቢያምርም የጎረቤት ከሲታ ይቀድመዋል። ስለዚህ ብቻዎን አይሆንም። እንደ ፈረንጅ በ2009 ገደማ እዚያው ሞላሌና መሐል ሜዳ አካባቢ ገበሬዎች ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆነው ይህን ሥራ ጀምረዋል። ግልገል ይመዘናል፣ ይመዘገባል፤ አውራውን ተሰብስበው ይመርጣሉ፣ በጋራም ይጠቀሙበታል። ሄደው ያነጋግሯቸው።

ሁሉን በዘር ማሳበቤ አይደለም። ረግረግ ላይ የሚግጡ ከሆነ የጉበት ትል ሊኖር ይችላል፤ የቀበሌዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይይልዎ።

ምርጡን ማስቀረት ኪስ እንደሚጎዳ ይገባኛል። ግን ሁለት ወቅት ካገለገለ በኋላ ኮላሽተው ያድልቡት፤ ሙክት ሆኖ ይሸጣል። ለመጪው ፋሲካ ነጋዴው ደጅዎ ሲመጣ ያንን አንዱን ጠቦት ጓዳ ያስገቡት። ካየው ዋጋ ይጨምርልዎታል፣ ያኔ እርስዎም አይጨክኑም።